አዋሽ የት ይገባል ብሎ የተነሣው መንገደኛ፤ የዊልፍሬድ ቴሲጀር የሕይወት ታሪክ

ረዥም የእግር መንገድ ያሰበ ሰው፣ ሐሳቡ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ይሁን ወይም መካ ለመድረስ፣ አለዚያም ላሊበላ ገብቶ የገናን በዓል ለማክበር፣ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው፣ በየት በየት አድራለሁ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው፣ ውሃ የት አገኛለሁ የሚለው ነው፤ ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ፣ የምሄድበት አገር ባለቤት ማን ነው፣ ያሳልፈኛል ወይስ ይመልሰኛል የሚለው ነው። እግር ብርቱ ስለ ሆነ ብቻ መንገድ አያልቅም። ስንቁን ሞልቶ፣ ጭነቱን አሳምሮ ተነሥቶ፣ ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ ባለመጠየቁ ብቻ በመንገድ የቀረ ሰው ብዙ ነው።

ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ለመሳለም የሄደ አልነበረም። የፈለገው አንድ ወንዝ የሚያልቅበትን ስፍራ በዓይኑ ለማየት ነበር። ነገር ግን ጉዞውን ያሰናዳበት፣ ከመንገድ የተመለሰበትና እንደገና የተነሣበት አኳኋን ለማንኛውም የሩቅ መንገደኛ ትምህርት የሚሆን ነው፤ ይልቁንም ትምህርት ቤት ላሉትና በሥራ ዓለም ገና እግራቸውን ለተከሉት ወጣቶች ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ዘመኑን ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር እንጽፋለን።

በዛሬው ጊዜ አንድ መንገደኛ አዋሽ ሰባት ኪሎ አድሮ ጧት በመኪና ቢነሣ፣ ገዋኔንና ሚሌን አልፎ፣ ሎግያን ተሻግሮ በዚያው ቀን የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ከሆነችው ከሰመራ ይገባል። በመካከሉ ያለው ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የአስፋልት መንገድ ነው። ታሪካችን በሚጀምርበት ዘመን ግን አስፋልቱም አልነበረም፤ ሰመራም ገና አልተቈረቈረችም። አዋሽ የምድር ባቡር ጣቢያ ነበረች። ባቡሩ ከጂቡቲ ተነሥቶ፣ ድሬዳዋን አልፎ፣ የአዋሽን ገደል በድልድይ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ከሐዲዱ ወደ ሰሜን ወንዙን ተከትሎ ለሚወርድ ሰው ግን ከግመልና ከገዛ እግሩ በቀር ሌላ መጓጓዣ አልነበረውም።

አዋሽ ከአገራችን ታላላቅ ወንዞች የሚለይበት ጠባይ አለው። ዓባይና ተከዜ ወደ ሱዳን፣ ባሮም ወደ ደቡብ ሱዳን ይወርዳሉ፤ ዋቤ ሸበሌና ገናሌ ወደ ሶማሊያ ይፈሳሉ፤ ኦሞም ከድንበር ላይ ካለው ከቱርካና ሐይቅ ይገባል። አዋሽ ግን ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ባሕሩ ሳይርቀው፣ ከባሕር ሳይደርስ በበረሃ ውስጥ ይቀራል። የት እንደሚቀር አፋሮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ከብታቸውን የሚያጠጡት፣ ልጆቻቸውንም የሚያሳድጉት በዚያው ነውና። ይሁን እንጂ የዓለም ካርታ ሠሪዎች ስፍራውን በትክክል ሊሥሉት አልቻሉም ነበር።

ምክንያቱ ወደዚያ የተላኩት ሰዎች ብዙዎቹ ባለመመለሳቸው ነው። በ1868 ዓ.ም. ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር የግብፅን ወታደር እየመራ ወደ አውሳ ሲገባ ከነሠራዊቱ ተመታ። ከርሱም በኋላ ጁሊየቲና ቢያንኪ የተባሉት ኢጣሊያውያን በ1873 እና በ1877 ዓ.ም. በአፋር በረሃ ተገደሉ። በ1920 ዓ.ም. ኔዝቢት የተባለ ሰው ከሁለት ጓደኞች ጋር ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ፣ ከተከታዮቹም ሰዎች ተገድለውበት፣ በብዙ ድካም ከቀይ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። የርሱ መንገድ ግን ወደ ሰሜን ስለ ነበረ ወንዙን እስከ ፍጻሜው አልተከተለውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የአውሳ ሱልጣኖች መንገዳቸውን የዘጉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በአንድ ወገን ከአሰብ፣ በሌላ ወገን ከጂቡቲ የባዕድ መንግሥታት ሲቀርቧቸው እያዩ፣ ሳይጠራ የመጣውን ሁሉ በጥርጣሬ ቢያዩት የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን ወደ ባለታሪካችን እንመለስ። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ፣ ከሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ካፒቴን ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ሚኒስትር ነበሩ። ልጁ ያደገው የደጋውን ፈረስ እየጋለበና የመኳንንቱን ሰልፍ እያየ ነው። በ1909 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ የልዑል ራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን በዚያው ሌጋሲዮን ተጠግቶ ነበር። በጥቅምት ወር ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል ያደረገው ሠራዊት በአዲስ አበባ ሲሰለፍ የ6 ዓመቱ ልጅ ቆሞ አየ። ያ ቀን ከልቡ እንዳልጠፋና ወደ ሩቅ አገር ጉዞ እንዲያዘነብል እንዳደረገው ሸምግሎ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ገልጿል።

ቤተ ሰቡ በ1911 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት አባቱ ሞቱ፤ ልጁም በእናቱ እጅ አደገ። በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንግሊዝ አገርን በጐበኙ ጊዜ የወዳጃቸውን ባለቤትና ልጅ ጠርተው አነጋገሩ። ልጁም ከሁሉ አብልጦ ወደ ኢትዮጵያ መመለስ እንደሚመኝ ነገራቸው፤ እሳቸውም አንድ ቀን እንግዳቸው ሆኖ እንደሚመጣ ተስፋ ሰጡት። ቃሉም አልታጠፈም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሲከበር፣ የኦክስፎርድ ተማሪ የነበረው የ20 ዓመቱ ቴሲጀር በንጉሠ ነገሥቱ በስሙ ተጠርቶ መጣ።

ከበዓሉ በኋላ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ቢለን በመውረድ አንድ ወር ያህል ሲያድን ቆየ። ከወንዙ ዳር ተቀምጦ ውሃው ወደ ሰሜን ሲፈስ ያያል፤ ፍጻሜውን ግን ካርታው አይነግረውም። ሐሳቡ የተጠነሰሰው ያን ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው አልሄደም፤ ሦስት ዓመት ጠበቀ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ቀድመው የሄዱት የጻፉትን አነበበ፤ የለንደንን የጂኦግራፊ ንጉሣዊ ማኅበርንና የተማረበትን ኮሌጅ ርዳታ ጠየቀ፤ አገሩን የሚያውቁትን ሰዎች አማከረ። እኛም ወጣቶቻችን እነዚህን ሦስት ዓመታት አስተውለው እንዲመለከቷቸው እንወዳለን። የጉዞው የመጀመሪያው ምዕራፍ ያለ ግመል የተሄደ ምዕራፍ ነውና።

በ1926 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴሲጀር ከጓደኛው ከዴቪድ ሃይግ ቶማስ ጋር አዲስ አበባ ገባ። ይሁን እንጂ ወደ በረሃው በቀጥታ አልወረደም። አስቀድመው የአርሲን ተራሮች ዞሩ። ይህ ነገር ላይ ላዩን ሲታይ ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነበር። የቀጠራቸው ሰዎች ማን ብርቱ፣ ማን ሰነፍ እንደ ሆነ፣ ማን ታማኝ፣ ማን ጠበኛ እንደ ሆነ አደጋ በሌለበት ስፍራ ለማወቅ አስቻለው። ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ያገኘው ዑመር የተባለውን ሶማሌ ነው። የሰዎቹ አለቃ፣ ከአፋሮችም ጋር ሲነጋገሩ አፉና ጆሮው እርሱ ነበር። ጓደኛው ሃይግ ቶማስ ግን ታመመ፤ ወደ በረሃው ለመውረድ ስላልቻለ ጉዞው በ23 ዓመቱ በቴሲጀር ላይ ብቻ ወደቀ።

ኅዳር 22 ቀን 1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሡ። ግመሎች ተጫኑ፤ መንግሥት የሰጠው ወታደሮችም ተከተሉ። በእንዲህ ያለ ጉዞ የቀኑን ርዝመት የሚወስነው የሰው ፈቃድ አይደለም። ግመሉ የሚግጠው ነገር ሲያገኝ ያርፋሉ፤ ወንዙ በረግረግ ሲሰፋ ዞረው ያልፋሉ፤ የአፋርና የኢሳ ጠብ በተነሣበት ስፍራ ሌሊቱን በዘብ ያድራሉ። በካርታ ላይ አንድ ስንዝር የሆነው ሦስት ቀን ይፈጃል። ሰፈር በደረሱ ቊጥርም ለባላባቱ መልእክት ይላካል፤ መልሱ እስኪመጣ ይጠበቃል። እንዲህ እያሉ፣ አፋሮች የሚያከብሩት የአየሉ ተራራ ወደሚታይበት፣ ገዋኔ ወዳለችበት ወደ ባህዱ አገር ደረሱ።

በዚያም ነገሩ ተበላሸ። መልእክተኛ ከመንግሥት ደብዳቤ ይዞ ደረሰ፤ እንግሊዛዊው ወደ ፊት እንዳያልፍ፣ ወታደሮቹም ይዘውት እንዲመለሱ የሚያዝ ነበር። በዚያን ጊዜ ጨርጨርን ይገዙ የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በወንዙ ዳር ያለው አገር ታውኮ ነበር፤ አንድ የውጭ አገር ሰው፣ ያውም የቀድሞው ሚኒስትር ልጅ፣ በኢትዮጵያ መሬት ቢገደል ኀላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ግልጽ ነው። ይህን ያሰበ ሹም ክፉ ሹም ነው ልንለው አንችልም። የሥራው ግዴታ ነው።

ለወጣቱ ግን የሦስት ዓመት ድካም በአንድ ወረቀት የፈረሰ መሰለው። ከፊቱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው፣ ትእዛዙን ንቆ፣ ከወታደሮቹ ተለይቶ፣ ሌሊት ተነሥቶ መቀጠል ነው። ሁለተኛው፣ ያንን የመጣውን መንገድ ሁሉ እንደገና በእግሩ መለካት ነው። ቴሲጀር ሁለተኛውን መረጠ። ወደ ባቡሩ መሥመር ወጣ፤ አዲስ አበባም ገባ። ከዚያ ሳምንታት በደጅ ጥናት አለፉ። ዛሬ ነገ እየተባለ፣ አንዱ ወደ ሌላው እየመራው ቆየ። በመጨረሻው፣ በጉዞው ላይ ቢሞት የኢትዮጵያ መንግሥት እንደማይጠየቅበት የሚገልጽ ወረቀት ፈርሞ ሰጠ፤ ፈቃዱም ተሰጠው።

የዚህ ሰው ጉዞ ቊልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው ብለን እናስባለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚያ ሌሊት አምልጦ ቢሄድ ኖሮ ምናልባት አምስት ቀን ያህል መንገድ ያተርፍ ይሆናል፤ የሚያጣው ግን ብዙ ነበር። የተመለሰው ጉዞ ባዶ ጉዞ አልሆነምና። የባህዱ ባላባት ሚርያም ሙሐመድ በሁለተኛው ጉዞ አብሮት ወደ አገሩ ገባ። በመጀመሪያው ጊዜ በጥርጣሬ ያዩት የነበሩት ሰዎች አሁን የሽማግሌያቸው እንግዳ አድርገው ተቀበሉት። ከዚያም ዓሊ ዋሊ የተባለው አፋር ወደ አውሳ ሊያደርሰው አብሮት ተነሣ። የመንግሥት ፈቃድ ከአዲስ አበባ ያስወጣዋል እንጂ በአፋር ምድር ላይ የሚያሳልፈው የአፋር ሽማግሌ ቃል ነበር። ሁለቱንም ያገኘው በመመለሱ ነው።

ዛሬ ሰመራ ካለችበት ብዙ ሳይርቅ፣ በታችኛው አዋሽ፣ የአውሳ ለምለም አገር ይጀምራል። ከድንጋይና ከአቧራ በኋላ በድንገት ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ሣርና ከብት ይታያል። ሱልጣኑ ሙሐመድ ያዮ ነበሩ። ከዚህ በፊት ያለ ፈቃድ የገቡትን ያስታውሱ ነበርና እንግዳውን በቤታቸው አልተቀበሉትም፤ ከሰፈራቸው ውጭ፣ በደን መካከል ባለ ገላጣ ስፍራ፣ በጨረቃ ብርሃን ቀጠሩት። በዙሪያው በመቶ የሚቈጠሩ የታጠቁ ሰዎች በዝምታ ቆመዋል። ንግግሩ የሚያልፈው በዑመር አፍ ነበር፤ አንድ ቃል ቢጣመም የሁሉም ሕይወት ያልቃል። ሱልጣኑ ለምን እንደ መጣ ጠየቁ። ወንዙ የሚያልቅበትን ለማየት ነው የሚለው መልስ ለማንም ገዥ ቢሆን ለማመን የሚከብድ መልስ ነው። ሆኖም ነገሩን አሰላስለው፣ በማግሥቱ የአውሳን ምድር አቋርጦ እንዲያልፍ ፈቀዱለት። ቴሲጀርም በሕይወቱ ካገኛቸው ታላላቅ ሰዓቶች አንዱ አድርጎ ሲያስበው ኖረ።

ከዚያ ወዲያ ወንዙ በአውሳ ውስጥ እየተጠማዘዘ፣ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እየገባና እየወጣ ይሄዳል። ቴሲጀር ተከተለው። በመጨረሻውም ከጂቡቲ ድንበር ላይ ካለው ከአቤ ሐይቅ ደረሰ። ውሃው ጨው ነው፤ በዳርቻው የኖራ ድንጋይ እንደ ጭስ ማውጫ ተገትሮ ይታያል። አዋሽ ከዚህ ወዲያ አይሄድም። ስንት ሰው የሞተበት ጥያቄ መልሱ ይህ ጸጥ ያለ ሐይቅ ሆነ።

ጉዞው ግን አላለቀም። የፈለገውን ያገኘ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በመልሱ ላይ ነው። ከአቤ እስከ ታጁራ ያለው አገር በእሳተ ገሞራ የተቃጠለ ጥቁር ድንጋይ ነው። ግመሎቹ የሚግጡት አጥተው፣ እግራቸው እየቈሰለ፣ ብዙዎቹ በመንገድ ቀሩ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፈው፣ ግንቦት 12 ቀን 1926 ዓ.ም. ከታጁራ የባሕር ወደብ ገቡ። ከአዋሽ ጣቢያ ከተነሡ አምስት ወር ከ20 ቀን ሆኗቸው ነበር። በ1927 ዓ.ም. የወንዙንና የአውሳን ነገር ለጂኦግራፊ ማኅበሩ በጽሑፍ አቀረበ፤ ካርታውም ታረመ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሕይወቱን ባጭሩ እናልፈዋለን። በሱዳን አስተዳደር ተቀጥሮ በዳርፉር አገለገለ። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ እጅግ ያዘነ ሰው ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ከዊንጌት ጦር ጋር ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቻችን ጎን ተዋጋ፤ ስለዚህም የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ከበደዊን ባልንጀሮቹ ጋር የዐረብን ታላቅ ባዶ በረሃ ሁለት ጊዜ አቋረጠ፤ ስለዚያም የጻፈው መጽሐፍ ስሙን በዓለም አስጠራው። በኢራቅ ረግረግም ከሕዝቡ ጋር ለዓመታት ኖረ። በ1952 ዓ.ም. ገደማም በአገራችን ሰሜን በእግርና በበቅሎ ተጉዞ ላሊበላን አየ። ብዙ ዘመን በኬንያ ኖሮ፣ በስተርጅናው ወደ እንግሊዝ አገር ገብቶ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ ሞተ። ያነሣቸው በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ፎቶግራፎች በኦክስፎርድ ሙዚየም ይገኛሉ።

ሰውን ስናመሰግን ጕድለቱን መሰወር አይገባንም። ወጣቱ ቴሲጀር ስለ አፋር ሕዝብ በጻፈው ነገር ከእንግዳ ተቀባይነቱ ይልቅ ገዳይነቱ ጎልቶ ይታያል፤ የሚጠራቸውም ራሳቸው በማይጠሩበት ደናክል በሚለው ስም ነበር። የወንዙ ፍጻሜ ተገኘ ተብሎ የተጻፈውም ለካርታው ነው እንጂ ለባለ አገሩ አይደለም። የውሃውን ጕድጓድ ያሳዩት፣ ግመሉን የጫኑት፣ ሌሊት ዘብ የቆሙት፣ ቃሉን ሳያጣምሙ ያስተረጐሙት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ አንድ ሳምንት እንኳ ባልተጓዘ ነበር። የዑመር፣ የሚርያም ሙሐመድና የዓሊ ዋሊ ስም ከስሙ ጋር አብሮ ሊነሣ ይገባዋል።

ወንዙም እንደ ዱሮው አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ ከዚያም ወዲህ ከላይ እስከ ተንዳሆ ድረስ ሰፋፊ እርሻዎች ውሃውን ይካፈሉታል። ለአቤ የሚደርሰው እያነሰ በመሄዱ ሐይቁ ከዳርቻው ሸሽቷል። ቴሲጀር ያየውን ያህል ውሃ ዛሬ የሚያይ የለም። እንግዲህ የአዋሽ ፍጻሜ የት እንደ ሆነ ካወቅን፣ ለዚያ ፍጻሜ ምን ያህል ውሃ እንተውለት የሚለው ጥያቄ ለዛሬዎቹ ተማሪዎችና ሹማምንት ቀርቷል። እርሱም እንደ ፊተኛው ጥያቄ ትዕግሥትና የባለ አገሩን ምክር የሚፈልግ ነው።

ከመኪናው መስኮት ሆኖ ከአዋሽ እስከ ሰመራ የሚያይ ወጣት፣ ገዋኔ ሲደርስ አንድ ጊዜ ወደ ወንዙ እንዲመለከት እንለምነዋለን። ከዚያው አካባቢ ነው አንድ የ23 ዓመት ሰው ግመሎቹን አዙሮ ወደ ኋላ የተመለሰው። ያን ቀን የተሸነፈ ይመስል ነበር። አውሳ የገባው ግን ያን ዕለት በመመለሱ ነው።